ድርሰትና ፍርሃት

«ዝም አይነቅዝም»፣ «ከአፍ የወጣ አፋፍ»፣ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚሉት ምሳሌዎች በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። ልጅ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ እነዚህን እየሰማ ያድጋል፤ በጉባኤ መካከል ከመናገሩ በፊት የታላላቆቹን ፊት ማየት፣ ከመመለሱም በፊት አጥርቶ መስማት እንደሚገባው ይማራል። ይህ ትምህርት ጨዋነትን የሚያስገኝ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ዳሩ ግን ያው ልጅ አድጎ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ብዕር ጨብጦ አንድ ታሪክ ወይም አንድ ግጥም ለመጻፍ በተነሣ ጊዜ እነዚያ ምሳሌዎች እንደ ዘበኛ በደጁ ቆመው ይጠብቁታል። የጻፈውን ለማንም ሳያሳይ በሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ዝም አይነቅዝም የተባለው ስለ አፍ ነው፤ ወረቀት ግን ይነቅዛል። ብል ይበላዋል፣ አይጥ ይቆረጥመዋል፣ ባለቤቱም ያለፈ እንደ ሆነ ወራሾቹ ምንነቱን ሳይረዱ እሳት ያያይዙበታል። አባቶቻችንም ይህን ስለሚያውቁ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ሌላ ምሳሌ ጨምረው ትተውልናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የድርሰት ፍርሃት ነው። ከወዴት እንደሚመጣ፣ ደራስያን በምን በምን መንገድ ሊያመልጡት እንደ ሞከሩ፣ ከመንገዶቹም እውነተኛ መድኃኒት የሚሆነው የትኛው እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እናያለን።

አስቀድሞ የፍርሃትን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ከፍርሃቶች አንዱ የሥልጣን ፍርሃት ነው፤ ይህም በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ በቂ ምክንያት የነበረው ፍርሃት ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ታግዷል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀርቷል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በ1950ዎቹ ዓመታት ተጽፎ ሳለ በመጽሐፍ መልክ ለሕዝብ የደረሰው በ1990ዎቹ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በወዳጆች እጅ ሲዘዋወር ኖሯል። እንዲህ ያለውን ፍርሃት «ድፈር፣ አትፍራ» በሚል ምክር ማስወገድ አይቻልም፤ የሚያስወግደው ሕግና ፍትሕ ብቻ ነው። ነገር ግን ሌላው ፍርሃት የዚህን ልብስ ተውሶ እንዳይመጣብን መጠንቀቅ ይገባል። ስለ እናቱ ወይም ስለ መስከረም አበባ የገጠመውን፣ ማንም ሹም ሊቆጣበት የማይችለውን ግጥም የደበቀ ሰው «ጊዜው አይፈቅድም» ሲል እንሰማለን። ጊዜው ፈቅዶለታል፤ ያልፈቀደለት ሌላ ነው።

ይህም ሌላው የሰው ፊት ፍርሃት ነው። በቋንቋችን «ይሉኝታ» የሚባል ቃል አለ፤ አወጣጡም «ይሉኛል» ከሚለው ግስ ነው። ሰዎች ገና ያላሉትን ነገር አስቀድሞ በጆሮ መስማት ማለት ነው። ይሉኝታ ከሚናገረው ሰው ይልቅ የሚጽፈውን አብዝቶ የሚያስጨንቅበት ምክንያት አለው። ተናጋሪ የአድማጩን ፊት እያየ ቃሉን ያለዝባል፣ ያርማል፣ ሲብስም በቀልድ ያልፈዋል። ጸሐፊ ግን እርሱ በሌለበት ቦታ፣ በማያውቀው ሰው እጅ፣ ምናልባትም ደስ ባላለው ሰዓት ይነበባል፤ ቆሞ «እንዲህ ማለቴ ነበር» የሚልበት ዕድል የለውም። በዚያ ላይ ይህ ሸክም ለሁሉም እኩል አልነበረም። ሴት ልጅ ዝምታዋ እንደ ጌጥ በሚቆጠርበት ዘመን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» ብለው ሲያሳትሙ፣ የርእሱን ቃል ብቻ ስንመለከት እንኳ ምን ያህል እንደ ደፈሩ ለመገመት አያዳግተንም።

ለይሉኝታ ኃይል በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው። በቀን ዐሥር ደብዳቤ የሚጽፍ ሹም እጁ አይንቀጠቀጥም። ደብዳቤው ቁጥርና ቀን አለው፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ግልባጩ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ የሚናገረውም መሥሪያ ቤቱ ነው። ያው ሹም ማታ ከቤቱ ገብቶ ስለ ልጅነቱ መንደር አንድ ገጽ ለመጻፍ ቢቀመጥ ግን ብዕሩ ይከብደዋል። እዚህ ማኅተም የለም፤ የሚናገረው እርሱ ራሱ ነውና። መምህሩም እንዲሁ ነው። የተማሪዎችን ድርሰት በቀይ ቀለም ሲያርም የኖረ እጅ የራሱ ጽሑፍ በሌላ ሰው ቀይ ቀለም ሥር እንዲወድቅ አይወድም። ተማሪው ደግሞ የሁለቱን ዝምታ አይቶ ዝምታን ይማራል።

ከይሉኝታ የሚወለድ፣ ትሕትና የሚመስል ሌላ ፍርሃት አለ፤ ይኸውም «ገና አልበሰለም» የሚለው ነው። ጽሑፍ መብሰል እንደሚገባው የታወቀ ነው፤ ሆኖም የተጠነሰሰ ጠላ ከልኩ በላይ ቢቆይ ይኮመጥጣል እንጂ አይሻልም። ጽሑፉን ዐሥር ዓመት የሚያሻሽል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሻሽለው ቃሉን አይደለም፤ የሚነበብበትን ቀን ያራዝማል።

እንግዲህ ደራስያን ከዚህ ፍርሃት ለማምለጥ የያዟቸውን መንገዶች እንመልከት።

የመጀመሪያው መንገድ ስምን መሰወር ነው። በእንግሊዝ አገር ሦስቱ የብሮንቴ እኅትማማች፣ ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን፣ እ.ኤ.አ. በ1846 የግጥም መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ወንድ ይሁን ሴት በማይለይ በተዋሱት ስም ነበር። መጽሐፉ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቅጂ ብቻ ተሸጠ። በማግሥቱ ዓመት ግን እነዚያው ስሞች «ጄን ኤር»ንና «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ይዘው ወጡ፤ ዓለምም እስከ ዛሬ ያነባቸዋል። ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚማሩት የብዕር ስም ጥቅም አለው የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን ስሙ የሰጣቸው መሸሸጊያ ነው፤ ብርታት የሰጣቸው ሌላ ነገር ነው። እኅትማማቾቹ ማታ ማታ በአባታቸው ቤት የሳሎኑን ጠረጴዛ እየዞሩ የጻፉትን እርስ በርሳቸው ያነቡ፣ ይተቻቹም ነበር። የማያውቋቸው ሰዎች ሁለት ቅጂ ብቻ ሲገዟቸው ያልተሰበሩት የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች አስቀድመው ስለ ሰሟቸው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ይህም የእኛ የአማርኛ መጻሕፍት የታወቀ ልማድ ነው። ብዙ መቅድሞችን ያነበበ ሰው አንድ ዓይነት ቃል ደጋግሞ ያገኛል። ደራሲው ዕውቀቱ ጥቂት መሆኑን ይናገራል፤ ወዳጆቹ ስለ ገፋፉት እንጂ ራሱ ሊያሳትም እንዳላሰበ ይገልጣል፤ አንባቢው ስሕተት ቢያገኝ በቅንነት እንዲያልፍለት ይለምናል። የዚህ ልማድ ሥር የተከበረ ነው። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ጸሐፊው ስሙን ጠቅሶ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበውና ስሕተቱን ይቅር እንዲለው የሚለምንበት ቦታ አለ። ዳሩ ግን ያ ጸሐፊ የሌላውን ቃል የሚገለብጥ ነበር፤ ይቅርታ የሚጠይቀውም ከአባቶች የተቀበለውን እንዳያጎድል ፈርቶ ነው። የዛሬው ደራሲ የራሱን ቃል አምጥቶ የዚያን ሰው ልመና ሲደግም ትርጉሙ ይለወጣል። «ጉድለት እንዳለበት ዐውቃለሁ» የሚል ሰው ሁለት ነገር አንዱን ማድረግ ይገባዋል፤ ጉድለቱን ያውቀው እንደ ሆነ ያርመዋል፤ የማያውቀው እንደ ሆነ ዐውቃለሁ አይልም። እንዲሁ በጥቅል ራሱን የሚነቅፍ መቅድም ጋሻ ነው። ተቺው አፉን ሳይከፍት የሚናገረውን ነጥቆ ይወስድበታል፤ ደራሲውም ሳይታረም ይቀራል። ትሕትናውም ሆነ ፍርሃቱ በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው ስለሚገኙ አንባቢ ሊለያቸው አይችልም።

ሦስተኛው መንገድ ማቃጠል ነው። የሩስያው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1829 ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ረጅም ግጥም በራሱ ገንዘብ፣ በተሰወረ ስም አሳተመ። ተቺዎች ዘለፉት። ጎጎልም ከአሽከሩ ጋር በየመጻሕፍት መደብሩ እየዞረ የቀሩትን ቅጂዎች ሰብስቦ አቃጠላቸው። በዚያ ዓመት ነገሩ እዚያው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሩስያ አንድ ታላቅ ደራሲ ታጣ ነበር። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1831፣ የተወለደበትን የኡክራይን ገጠር ተረትና ጨዋታ የያዙ ታሪኮች አሳተመ፤ አሁንም በራሱ ስም አልነበረም፤ አንድ ንብ አርቢ እንዳወራቸው አድርጎ አቀረባቸው። በዚህ ጊዜ ግን ያነበበው ፑሽኪን ነበረ። ፑሽኪን መጽሐፉን አመስግኖ ጻፈ፤ ወዳጁም ሆነ። ጎጎል ራሱ እንደ ተናገረው የ«ኢንስፔክተሩ» ተውኔትና የ«ሙታን ነፍሳት» አሳብ የመጣለት ከፑሽኪን ነው። ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1837 ሞተ። የ«ሙታን ነፍሳት» አንደኛው ክፍል በ1842 ታትሞ ታላቅ ዝና አገኘ፤ ሁለተኛውን ክፍል ግን ጎጎል በ1852 ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በእሳት ውስጥ ጨመረው።

በእነዚህ በሁለቱ እሳቶች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። በመጀመሪያው ጊዜ ጎጎል ስም የሌለው ወጣት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ አገር ያወቀው ደራሲ ነበር። እንግዲህ ዝና የድርሰትን ፍርሃት አይፈውስም ማለት ነው። የሁለተኛው እሳት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሕመሙም ጭንቀቱም ታክሎበታል። ቢሆንም በሁለቱ እሳቶች መካከል ባሉት ፍሬያማ ዓመታት ከጎኑ የነበረውንና በኋላ ያጣውን ነገር መናገር ይቻላል፤ እርሱም የሚሰማው፣ ሥራውን የሚያውቅለት አንድ ሰው ነው።

ከሦስቱ መንገዶች የምናገኘው ማስተዋል ይህ ነው። የድርሰት ፍርሃት የጠባይ ጉድለት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ፍርሃቱ የሚበረታው በብቻ መጻፍና በብዙ ሰው ፊት መቅረብ መካከል ድልድይ ሲጠፋ ነው። ብቻውን በክፍሉ የጻፈ ሰው በአንድ ዝላይ በሺህ አንባቢ ፊት እንዲቆም ሲጠየቅ መፍራቱ ያስደንቃልን? የሚያስደንቀው ባይፈራ ነበር።

ይህን ድልድይ የሚሠራ ትምህርት ቤት ደግሞ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላና በሌሎቹም የቅኔ ጉባኤያት አባቶቻችን ሠርተውት ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ቁጠር አይባልም። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ቤቱ በበዛ መጠን ይወጣል። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በዱሩና በጥላው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ይህ የብቻ ሥራው ነው። ያ ሥራ ግን በብቻ አይቀርም፤ ነገራ አለ። የቆጠረውን በአስነጋሪው ወይም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። ቃሉ ቢሰበር፣ ምሥጢሩ ቢጎድል እዚያው ይታረማል፤ ያማረ እንደ ሆነም እዚያው ይመሰገናል። ነገም ይቆጥራል፤ ነገም ይናገራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ እርማቱ የየቀን ነገር ስለ ሆነ አስደንጋጭ አይደለም። ዘወትር የሚታረም ሰው እርማትን እንደ ሞት ፍርድ አይቈጥረውም። በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚታረም ሰው ግን በዚያች ቀን ሕይወቱ ሁሉ የተመዘነ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ቅኔ አይደገምም፤ የዛሬው ቅኔ ለዛሬ ነው። ተማሪው በአንድ ቅኔ ላይ ክብሩን ሁሉ አያስይዝም፤ ቢወድቅበት ነገ ሌላ አለውና። ሦስተኛ፣ ቅኔው ተፈቅዶለት በቤተ ክርስቲያን ሲያሰማ አጠገቡ ቆሞ እየተቀበለ ለጉባኤው የሚያስተላልፍ ተቀባይ አለ። ባለቅኔው በሕዝብ ፊት በቆመበት በዚያች ሰዓት እንኳ ብቻውን አይደለም። ተማሪውም መቅድም አያደርግም፤ «ዕውቀቴ ጥቂት ነው» ብሎ አይጀምርም። ቅኔውን ይናገራል፣ ይጠብቃል።

ከቅኔ ቤት ወደ ታተመ መጽሐፍ ስንሻገር ይህ ሥርዓት ከኋላችን ቀርቷል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ባሳተሙ ጊዜ በአማርኛ ከእርሳቸው በፊት የተጻፈ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረም፤ መምህርም፣ መለኪያም አልነበረም። ዛሬ ይህን የድርሰት ዓይነት የምንጠራበት ስም ከዚያ መጽሐፍ የተገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የጻፉት ሁሉ በሚበዛው መንገድ አስነጋሪ የሌላቸው ተማሪዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ቢሆንም አንዳንዶች ደረጃውን ራሳቸው ለራሳቸው ሠርተዋል። በጎጃም የቤተ ክህነትን ትምህርት ተምረው ያደጉት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ስለ ሆነ ዕድሜያቸው ኀምሳ ስድስት ደርሶ ነበር። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። በአጭሩ ተረት ተጀምሮ በታላቁ ልብ ወለድ መድረስ ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ እንደ መውጣት ያለ ነው። መጽሐፉም ተቀባይ አላጣም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዐወቃቸው። ዕድሜያቸው አልፏል ብለው ብራናቸውን ያጠፉ ሰዎች ይህን ቁጥር ሊያስቡት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ፍርሃት ባይኖር ያልበሰለው ሁሉ ወደ ማተሚያ ቤት ይሮጥ ነበር፤ አሁንም የሚታተመው ይበዛል እንጂ አያንስም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ስሕተት በሞላበት፣ ሁለተኛ ዓይን ባላየው መጽሐፍ ገንዘቡን ያጠፋ አንባቢ ብዙ ነው። ነገር ግን ይህን ያመጣው የፍርሃት ማነስ ይሆንን? ፈሪውም ደፋሩም የጐደላቸው አንድ ነገር ነው። ፈሪው አስነጋሪ ስለሌለው ሣጥኑን ይቆልፋል፤ ደፋሩም አስነጋሪ ስለሌለው ያልታረመውን ያሳትማል። ነገራ ቢኖር የመጀመሪያው ይወጣ፣ ሁለተኛው ይዘገይ ነበር። ደግሞም የቅኔ ቤት ሁሉንም ባለቅኔ አያደርግም፤ ሰምቶ ወደ ዜማው፣ ወደ ትርጓሜው የሚሄድ አለ። እርሱ ግን ሳይሞክር የቀረ አይደለም፤ ሞክሮ ራሱን ዐውቋል።

የተቺውም ፋንታ አለበት። የድርሰት ፍርሃት ሲነገር ደራሲው ብቻ ይመከራል፤ የሚያስፈራው ሰው ግን ሳይመከር ያልፋል። ጥሩ አስነጋሪ «ይህ ቃል ተሰብሯል» ይላል፤ «አንተ ቅኔ አይሆንልህም» ብሎ በልጁ ላይ አይፈርድም። ተቺም በሥራው ላይ እንጂ በሰውየው ላይ ባይፈርድ፣ ጉድለቱን ሲያሳይ ገጹንና ዐረፍተ ነገሩን ጠቅሶ ቢያሳይ፣ ደኅናውንም እንዲሁ ጠቅሶ ቢያመለክት ነቀፋው የከረረ ቢሆን እንኳ ይጠቅማል። በአንጻሩ ስሕተቱን ሳይጠቅስ የሚያሞግስ ተቺ እንደሚዘልፈው ያህል ይጐዳል፤ ደራሲው ከውዳሴው የሚይዘው ነገር የለምና። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ብዙ አንባቢ አጻጻፉ ከብዶት ነበር፤ ዛሬ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ከታላላቆቹ መካከል ይቈጠራል። የመጀመሪያ ቀን ፍርድ የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ ተቺም ደራሲም ቢያስቡት ለሁለቱም ይበጃል።

ከዚህ በላይ ከተባለው ውስጥ ለሥራ የሚሆነውን አንሥተን ነገራችንን እንፈጽም። መምህር የተማሪዎቹን ድርሰት በቀይ ቀለም አርሞ ከመመለስ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ በክፍሉ ፊት ቢያስነብባቸው፣ ራሱም የጻፈውን አንድ ገጽ ይዞ በመካከላቸው ቢያነብ፣ ነገራን ወደ ክፍሉ መለሰው ማለት ነው። ተማሪ ልብ ወለድ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር ጽፎ ይጨርስ፤ ጨርሶም ሁለት ለሚሆኑ፣ አንዱ ከእርሱ ለሚበልጥ፣ አንዱ እኩያው ለሆነ ሰዎች ያንብብ። ሹሙም ማታ የጻፈውን ያችን አንድ ገጽ ሣጥን ውስጥ ከመቆለፉ አስቀድሞ ለአንድ የሥራ ባልደረባው ያሳያት። በሚቀጥለው ወር ሌላ ይጻፍ። ፍርሃቱ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ መጥፋትም አያስፈልገውም። ዘወትር ሲነግር የኖረ ባለቅኔ እንኳ በበዓል ቀን ሊያሰማ ሲነሣ ልቡ ይመታል፤ ይሁን እንጂ ይነሣል።